በሮም የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ፦ ከየት መነሣት ይሻላል?

የጠባሴው፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን በእንስሳት ርባታ ሙያ የምሠራ ስሆን፣ በሰኔ ወር ሮም በሚገኘው የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ለሚደረግ ስብሰባ እሄዳለሁ። ማረፊያዬ ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ስብሰባው በመጨረሻው ቀን እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ በረራዬ ደግሞ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አስጎብኚ ሳልቀጥር በእግሬ ጥቂት ለማየት አስቤአለሁ። ሁሉን ላዳርስ አልልም፤ ለእኛ አገር ሰው ትርጉም ያለው መንገድ ቢሆን ግን እመርጣለሁ። ሮምን የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የሞላሌው፦
መጀመሪያ ወደ ማረፊያዎ ተመልሰው ዕቃዎን አስቀምጠው ከተርሚኒ ቢነሡ ይሻላል፤ ከዚያ ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ይበዛዋል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የአምስት መቶዎቹ አደባባይ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር ለደመሰሳቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ነው። መታሰቢያቸው ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ሲሆን፣ ዛሬ ከአደባባዩ ፈንጠር ብሎ በዛፎች መካከል ስለቆመ ብዙው መንገደኛ ልብ ሳይለው ያልፋል። አሁን ለገሃር የምናውቀው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ተወስዶ የተቀመጠው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ቁጣውን የገለጸውም እዚያው ነው።

ከሐውልቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሳንታ ማሪያ ዴሊ አንጄሊ የተባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሰማዕታትን ያስፈጀው ዲዮቅልጥያኖስ ባሠራው የመታጠቢያ ሕንፃ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በማይክል አንጄሎ ንድፍ የተሠራ ነው። ወለሉ ላይ በ1702 የተዘረጋ የነሐስ መስመር አለ፤ ፀሐይ ከግድግዳው ቀዳዳ ገብታ በእኩለ ቀን መስመሩን ታቋርጣለች። ያሠሩት የሮሙ ጳጳስ የፋሲካን ቀን አቆጣጠር ለመፈተን ነበርና፣ ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው ጥቂት ቆም የሚያሰኝ ነገር ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግድ ነው።

የመንዲዳ ልጅ፦
የሞላሌው ወንድማችን የጠቆሙት ሁሉ መታየት ያለበት ነው፤ አቅጣጫው ግን ቢገለበጥ እመርጣለሁ። ጠያቂው ቀትር ላይ ፋኦ በር ላይ ናቸው፤ ለምን ወደ ተርሚኒ ተመልሰው እንደገና ይወርዳሉ? ሕንፃው የተጀመረው ለኢጣሊያ የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር፤ የአክሱም ሐውልትም ከ1937 ጀምሮ በ2003 ነቅለው ለመመለስ እስኪያዘጋጁት ድረስ የቆመው ከፊቱ ባለው የፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነው። ዛሬ በአደባባዩ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ የእኛ ሐውልት ምትክ እንዳይመስሉዎት፣ የመስከረም 11ዱ የአሜሪካ ጥቃት መታሰቢያ ናቸው።

ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ይሂዱ። ይህ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ በመንዲዳ አጠገብ ጃቶ ላይ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ምሽት፣ በባዶ እግሩ፣ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎ ያጠናቀቀው የማራቶኑ መጨረሻ ነው። ፍጥነት የጨመረው ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነበር፤ ቅስቱ ጋ ሲገባ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሆኖት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በመንገዱ ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለው። ከተርሚኒ የተነሣ ሰው ይህን መንገድ አበበ ከሮጠበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይሄደዋል፤ የእኔ ክርክር ይኸው ነው።

ኮሎሲየምን አልፈው ሙሶሊኒ በ1932 ባስከፈተው ሰፊ ጎዳና ሲሄዱ በግራ በኩል፣ በማክሴንቲዩስ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ፣ የጥንቱ የሮማ ግዛት እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ያያሉ። በ1936 ኢትዮጵያን ጭምር የያዘ አምስተኛ ካርታ ተጨምሮ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተነሣ። ከዚያ የትራያን ዓምድን አይተው በቪያ ናሲዮናሌ ወደ ማረፊያዎ ይውጡ። ዳገት አለው ይላሉ፤ ለደብረ ብርሃን ሰው ግን ዳገት የሚባል አይደለም። የሚከብድዎ የሰኔው ሙቀት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከማረፊያዎ ቅርብ ስለሆነ ለማግሥቱ እኩለ ቀን ያቆዩት።

ውኃ አይግዙ። በየመንገዱ ጥግ ሌት ተቀን የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፤ አፉን በጣትዎ ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣሉ።

አንኮበሬው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ቅስቱ ከማቅናትዎ በፊት በቀኝ በኩል በቅዱስ ግሬጎሪዮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሽቅብ ቢወጡ ቪላ ቼሊሞንታና የተባለ ጥላ የበዛበት መናፈሻ ያገኛሉ። በውስጡ ያለው አሮጌ ሕንፃ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር መቀመጫ ነው። በ1876 በኢጣሊያዊው አሳሽ በአንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ ልዑካን የላከው፣ ከምኒልክም አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ ቦታ የተሰጠው ይኸው ማኅበር ነው። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው አርፏል፤ የመቃብሩን ቦታ የአንኮበር ሰው ያውቀዋል። አረፍ ብለው ወደ መንገዱ ሲመለሱ የአበበም መስመር አይቀርብዎትም።

የጠባሴው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከፋኦ በር ተነሥቼ መናፈሻውንም አያለሁ። ኮሎሲየም ውስጥ ሳልገባ ብቀር ብዙ ይቀርብኛል?

የመንዲዳ ልጅ፦
በግማሽ ቀን ከውጭ ማየቱ ይበቃል። ልግባ ካሉ ትኬቱ ስምና ሰዓት ያለበት ስለሆነ አስቀድመው በኢንተርኔት ይቁረጡ፤ ፓስፖርትዎንም ይያዙ። የመንገዱ ጥርብ ድንጋይ ስለሚያንሸራትት ለስብሰባው ያደረጉትን ጫማ ቀይረው ይነሡ።