የስፐርሙ ክፍል ላይ የተጎጂዋ ዲኤንኤ ለምን ይመጣል?

ከዚራ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። በወሲብ ጥቃት ምርመራ የወንድ ስፐርምና የተጎጂዋ ህዋስ የተደባለቀበትን ስዋብ (ናሙና የተወሰደበት ጥጥ) የምንለየው በሁለት ዙር ነው፤ መጀመሪያ የሴቷን ህዋስ በኤስዲኤስ (ሳሙና መሰል ኬሚካል) እና በፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም)፣ ቀጥሎ ስፐርሙን በዲቲቲ (የሰልፈር ድልድይን የሚሰብር ኬሚካል) እንፈታለን። ሆኖም የስፐርሙ ክፍል የተጎጂዋን የዲኤንኤ መለያ (ፕሮፋይል) ይዞ ይወጣል። ዲቲቲውን ብንጨምርስ?

ጀጎል
አቦ፣ ዲቲቲ መጨመር አይፈታውም። ስፐርም ዲኤንኤውን በፕሮታሚን (የስፐርም ፕሮቲን) ጠቅልሎ በሰልፈር ድልድይ ቆልፎ ይይዛል፤ የሴቷ ህዋስ ይህ ቁልፍ የለውም። ሳይንቲስቶቹ ጊል፣ ጄፍሪስና ዌሬት በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ዲቲቲ ከገባ በኋላ ቱቦው ውስጥ የተረፈው ሁሉ ይፈታል። ስለዚህ ጉዳያችሁ ያለው እጥበቱ ላይ ነው።

ስዋቡን ኤስዲኤስ ባለበት 400 ማይክሮሊትር ባፈር (የኬሚካል መፍትሄ) እና በ10 ማይክሮሊትር ፕሮቲኔዝ ኬ (20 ሚሊግራም በሚሊሊትር) 56 ዲግሪ ላይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት አቆዩት። ጥጡን በወንፊት ቱቦ አድርጋችሁ በሴንትሪፊዩጅ 5 ደቂቃ አሽከርክሩ። ከታች የሚዘቅጠው ስፐርም (ዝቃጩ) በዓይን አይታይም! ስታሽከረክሩ የቱቦውን ክዳን ማጠፊያ ወደ ውጭ አድርጉ፤ ዝቃጩ በዚያ ጎን ይለጠፋል፣ ፓይፔቱ በተቃራኒው ይግባ። ከታች 50 ማይክሮሊትር ትታችሁ የሴቷን ዲኤንኤ የያዘውን የላዩን ፈሳሽ (የመጀመሪያውን ክፍል) ውሰዱ። ከዚያ ዝቃጩን በ500 ማይክሮሊትር ባፈር ቢያንስ 3 ጊዜ እጠቡ። አንዴ ብቻ የሚያጥብ ሰው በዚያ 50 ማይክሮሊትር ውስጥ ከነበረው የሴት ዲኤንኤ የተወሰነውን ይዞ ወደ ዲቲቲ ይሄዳል።

ከመጨረሻው እጥበት በኋላ 3 ማይክሮሊትር ስላይድ ላይ ጣል አድርጋችሁ ቀለም ቀቡ፤ የስፐርም ጭንቅላት ቀይ ይሆናል። የሴት ህዋስ ካያችሁ የመጀመሪያውን ዙር ድገሙ።

ከዚራ
ስፐርሙ ጥቂት ከሆነስ? በእያንዳንዱ እጥበት የሚጠፋ አይመስላችሁም?

ሳቢያን
ይጠፋል። አንድ ስፐርም 3 ፒኮግራም ያህል ዲኤንኤ ብቻ ነው ያለው፤ 0.5 ናኖግራም ለማግኘት 170 ገደማ ያስፈልጋል። ስላይዱ ላይ ጥቂት ከታየ እጥበቱን በ2 ገድባችሁ የወንዱን ዲኤንኤ ብቻ የሚያሳየውን የዋይ ክሮሞሶም ምርመራ ጨምሩ። የመጀመሪያውን ክፍልም በፍጹም አትድፉት፤ ያረጀ ስፐርም እዚያው ቀድሞ ይፈርሳል።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ጣጣ አለው። እርጥብ ስዋብ በላስቲክ ታሽጎ ከቆየ ባክቴሪያ ይበላዋል፤ በደንብ አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ። የዲቲቲ መፍትሄም ሙቀት ላይ ኃይሉን ያጣል። በትንሽ በትንሹ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጡ፣ መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን ጣሉት። በሁለተኛው ዙር 500 ማይክሮሊትር ላይ 20 ማይክሮሊትር የ1 ሞላር ዲቲቲ ይበቃል። ስፐርም በማይክሮስኮፕ ታይቶ ዲኤንኤ ካልወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲቲቲው ነው።