ፊልሙ መሃል ላይ እየተንቀጠቀጠ ይቆምብኛል፤ ምን ላድርግ?

የአባቴን የድሮ ሱፐር 8 ፕሮጀክተር (የ8 ሚሊሜትር የቤት ፊልም ማሳያ) ከቁም ሳጥን አወጣሁት። ሞተሩ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል። ችግሩ ፊልሙ ጋ ነው። ጥቂት ሰከንድ በደንብ ይሄድና፣ ከሌንሱ በላይ ላላ ብሎ መቆየት ያለበት የፊልሙ ጥምዝ ይጠፋል። ወዲያው ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ማሽኑም ይንጣጣል። አንዴማ ፊልሙ ቆሞ አምፖሉ የእናቴ ቬሎ የሚታይበትን ምስል መሃሉን አቃጠለብኝ! ከዚያ ወዲህ የምሞክረው በማይረባ ቁራጭ ብቻ ነው።

ፊልሙ የሚያልፍበትን ቦታ በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩ፤ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። ለውጥ ግን የለም። ፊልሙን የሚስበው ጥፍር ሲገባ ሲወጣ ይታየኛል፣ የተሰበረም አይመስልም። ፊልሙ ሱፐር 8 ነው፤ ቀዳዳዎቹ ትንንሽና ከምስሉ መሃል ትይዩ ናቸው። የመበላሸት ምልክት የሆነው የኮምጣጤ ሽታም የለውም።

የተበላው ጥፍሩ ነው ወይስ ፊልሙን የሚጫነው ስፕሪንግ ደክሞ? ማሽኑን ሳልፈታ የምለይበትን ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።