«የ2005ቱን መጫወት የጊዜ ብክነት ነው» ለምትሉ

ቢኒ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «የሬዚደንት ኢቭል 4ን ሪሜክ (እንደ አዲስ የተሠራውን ጌም) የጨረሰ ሰው የ2005ቱን ቢጫወት የጊዜ ብክነት ነው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ሰው ላይክ አደረገለት። እኔን ግን ሲከነክነኝ አደረ። ከትከሻ ኋላ የሚከተለውን ካሜራ ለሌሎች ያስተማረው እኮ ያ ጌም ነው። ጊርስ ኦፍ ዋርም ዴድ ስፔስም ከእሱ ነው የተማሩት። ሪሜኩን እኔም ወድጄዋለሁ። ግን ሌላ ጌም ነው።

ዮናስ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ታሪኩ ያው፣ የምትጫወትበት ሌዮን ያው፣ መንደሩ ያው። የፕሬዚዳንቱን ልጅ ፍለጋ ስፔን ገጠር ትገባለህ፣ አሽሊን ይዘህ ትወጣለህ። በ2023 ይኸው ታሪክ ተሻሽሎ መጣ። እየተራመድክ መተኮስ እንኳን የማትችልበትን ጌም ምን ብዬ ልክፈት?

ቢኒ፦ ጌሙ ያ ነው እኮ! የመጀመሪያውን መንደር አስታውስ። ቤት ውስጥ ገብተህ በሩን በቁም ሳጥን ትዘጋለህ። ከውጭ የመጋዙ ሞተር ይሰማሃል። ሽጉጥህን ስታነሳ እግርህ ይታሰራል። አንዱን እያነጣጠርክ ሌላው መጥረቢያ ይዞ በጎን ይመጣል። ገበሬዎቹ ከሩቅ ሮጠው አጠገብህ ሲደርሱ ቀስ የሚሉት ለዚህ ነው። ልቁም ወይስ ልሩጥ የሚለው ነው የሚያስጨንቅህ። ሪሜኩ ላይ እያነጣጠርክ ወደ ኋላ ትሸሻለህ። መጋዙን ሳይቀር በቢላ ትመክታለህ። ጭንቀቱ ሌላ ነው። ስለዚህ «ያው» አትበለኝ።

ዮናስ፦ መመከቱ እኮ ያለ ዋጋ አይደለም። ቢላው ያልቃል፤ ተሰብሮ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። ከጠላትህ ከክራውዘር ጋር ያለውን የቢላ ፍልሚያ ደግሞ አንተው ፍረድ። ኦሪጅናሉ ላይ ቪዲዮ እያየህ የታዘዝከውን በተን ትጫናለህ፣ ካመለጠህ ሞትክ። ሪሜኩ ላይ በእጅህ ትዋጋለህ።

ቢኒ፦ ክራውዘርን ለሪሜኩ ሰጥቼሃለሁ። መንደሩን ግን አልሰጥህም።

ማሂ፦ እኔ ከቢኒ ጋር ነኝ። ይልቅ ስለ ሬዚደንት ኢቭል 3 አታወሩም እንዴ? የ2020ው ሪሜክ የሰዓት ማማውን ውስጡን እንዳለ ቆርጦ አውጥቶታል። ውጭ አደባባዩ ላይ የሚያሳድድህን ጭራቅ ኔሜሲስን ትገጥማለህ፣ አለቀ። ፓርኩ የለም። ድንገት ሁለት አማራጭ አቅርቦ ቶሎ ወስን የሚልህም የለም። ሪሜኩን ብቻ የተጫወተ ሰው የሰዓት ማማውን ደጃፉን እንጂ ውስጡን አያውቀውም። ታዲያ ምኑን ተካው?

ዮናስ፦ ማሂዬ፣ 3 ደካማ ሪሜክ መሆኑን ማን ክዶሽ? በአንድ ደካማ ሥራ ሁሉንም አትፍረጂ። የ2002ቱን የ1 ሪሜክስ? ዳይሬክተሩ ሚካሚ የ1996ቱን የመጀመሪያ ጌም የሠራው እሱ፣ ሪሜኩንም የመራው እሱ። ዛሬ ለጀማሪ የ1996ቱን አስቀድም የሚል ሰው አምጪልኝ።

ቢኒ፦ ጥሩ አነሳህ። ካሜራው እንደ ድሮው ቋሚ ነው። አረማመዱ ያው ነው፤ እዚህ ላይ «ያው» በል፣ እቀበልሃለሁ። የጨመረውም ጭንቀት ነው። ገድለህ ያላቃጠልከው ዞምቢ ቆይቶ ራሱ ቀልቶ፣ ከበፊቱ ፈጥኖ ይነሳብሃል። በአሮጌው መሠረት ላይ አዲስ ፎቅ ጨመረ። የ4 ሪሜክ ግን መሠረቱን ነው የቀየረው። ስለዚህ የ2002ቱ ለእኔ እንጂ ለአንተ አይመሰክርልህም።

ሰሚር (ሪያድ)፦ «ናፍቆት ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ልጅ ሆኜ አልተጫወትኩትም። ፕሌይስቴሽን ቤት ሄጄ የምጫወተው ኳስ ብቻ ነበር። ሪሜኩን ጨርሼ ነው ወደ ኦሪጅናሉ የሄድኩት። መጀመሪያ ጆይስቲኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ምሽጉ ውስጥ የውሃው አዳራሽ ስደርስ ነው የገባኝ። አሽሊ ላይ ሆና እጀታውን ታዞራለች። እኔ ታች ሆኜ ሊወስዷት የሚመጡትን በስናይፐር እለቅማለሁ። እሷን ለማዳን ባነጣጠርኩ ቁጥር እኔ ቆሜ እቀራለሁ፣ ከኋላዬ ማን እንደመጣ አላይም። ሪሜኩ ላይም አዳራሹ አለ። እንደዚያ ግን አላላበኝም።

ዳጊ፦ አሽሊን ካነሳችሁ አይቀር፣ የጤና መስመሯን ማንሳታቸው ትልቅ ጥፋት ነው። ድሮ ያለችህን አንድ የፈውስ ቅጠል ለራስህ ትወስዳለህ ወይስ ለእሷ? አሁን ስትወድቅ ሄደህ ታነሳታለህ፣ በቃ።

ማሂ፦ ዳጊ እዚህ ላይ ተለያየን። የድሮዋ አሽሊ «ሌዮን!» ብላ ከመጮህ ሌላ ምን ነበራት? የሪሜኳ ሰው ናት። ትፈራለች፣ ትማራለች፣ ከሌዮን ጋር ታወራለች።

ዳጊ፦ እኔ ስለ ጨዋታው ነው ያወራሁት፣ አንቺ ስለ ጠባይዋ። ለማንኛውም ዮናስ፣ ሌዮን በሌዘር መሃል የሚዘልበት ኮሪደርስ? ከዋናው ሪሜክ ቆርጠው ከወራት በኋላ በሴፐሬት ዌይስ (ኤዳ የምትባለዋን ሰላይ ሆነህ በምትጫወተው ተጨማሪ ክፍል) ለኤዳ ሰጧት። 10 ዶላር ጨምር ተባልን። ፒኤስ ቱ ላይ በ2005 ሲወጣ እኮ ሴፐሬት ዌይስ እዚያው ዲስኩ ላይ ነበር!

ዮናስ፦ የድሮው ሴፐሬት ዌይስ አጭር ነበር። አዲሱ እንደገና ነው የተጻፈው። ብር ቢጠየቅበት አይገርመኝም። እናንተ ጊዜ አላችሁ። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ መብራት ካለ አንድ ሰዓት እጫወታለሁ። በዚያች ሰዓት ያለቀለትን ታሪክ ልድገም? የጊዜ ብክነት ያልኩት ይህንን ነው።

ቢኒ፦ ትናንት «የጨረሰ ሰው» ብለህ ስለ ሁላችን ፈረድክ። ዛሬ «እኔ ጊዜ የለኝም» ሆነ። ጊዜ ማጣትህን አከብራለሁ። ግን ለአንተ ስላልተመቸ ጌሙ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ሰሚር (ሪያድ)፦ ሪሜኩን የሚያስነሳ ኮምፒውተር የሌለውንም አስቡ። አገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ነው ያለው። በ2014 ለፒሲ የወጣው የኦሪጅናሉ ኤችዲ ቅጂ ይሄድለታል። እሱን የጊዜ ብክነት ነው ልበለው?

ዮናስ፦ እሱ ምርጫ የለውማ! እኔ ያልኩት ሪሜኩን ለጨረሰ ሰው ነው፣ ቃሌን አታጣሙ። ኦሪጅናሉ ስቲም (የኦንላይን ጌም መደብር) ላይ ይሸጣል፤ የፈለገ ይግዛ።

ቢኒ፦ መንደሩን ብቻ ተጫወት፣ ደወሉ እስኪደወል። ከዚያ እዚህ ተመልሰህ «ያው ነው» በለኝ።

ዮናስ፦ አንተ ደግሞ ሪሜኩን በፕሮፌሽናል (በከባዱ ደረጃ) ጨርሰህ «ጭንቀቱ ጠፋ» በለኝ።

ማሂ፦ ሬዚደንት ኢቭል 2ንስ? የ1998ቱ ላይ በሌዮን ጀምረህ የፖሊስ ጣቢያው መሳሪያ ክፍል ውስጥ ያለውን መትረየስ ከወሰድክ፣ በኋላ በሌላዋ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ በክሌር ስትመጣ ቦታው ባዶ ነው። የ2019ኙ ላይ መጀመሪያ ያደረግከው ሁለተኛው ዙር ላይ አይቆጠርም። ዮናስ፣ ይሄም ያው ነው?

ዮናስ፦ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ። ስለ 2 ነገ እመልስልሻለሁ። በእሱም ግን አልስማማም።