አስቸኳይ፦ አንድ ሞዴል በሁለት ሶፍትዌር ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጠኝ

ተመራቂዋ፣ ሐዋሳ (ማታ 2፡40)
እባካችሁ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውጤቴን ለአማካሪዬ አቀርባለሁ። የእርሾ ግላይኮሊሲስ (ስኳር የሚፈርስበት ሂደት) የኮምፒውተር ሞዴሌን ኮፓሲ በሚባለው ሶፍትዌር ሳስኬደው ግሉኮሱ መጨረሻ ላይ 2.0 ይላል፤ ያንኑ የኤስቢኤምኤል (ሞዴል የሚጻፍበት የጋራ ቅርጸት) ፋይል በሌላው ሶፍትዌር፣ በሮድረነር፣ ሳስኬደው 0.4 ይላል። ፋይሉን አልነካሁትም። መብራት ሄዷል፣ የላፕቶፔ ባትሪ 38 ከመቶ ነው። የትኛውን ልመን?

ጋሽ መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ ረጋ በይ። ኮፓሲ እኩልታውን የሚያሰላው ኤልሶዳ በሚባል የስሌት ዘዴ ነው፣ ሮድረነር ሲቮድ በሚባል ሌላ ዘዴ። መንገዳቸው የተለያየ ስለሆነ ቁጥሩ አንድ ይሁን ብሎ መጠበቅ ራሱ ስህተት ነው። እኛ እኩልታውን በወረቀት ፈትተን ነው የተማርነው።

የታቦር ልጅ
የስህተት ወሰኑን (ሶፍትዌሩ በስሌቱ የሚፈቅደውን ስህተት) አጥብቂው፤ አንጻራዊውን ከ0.000001 ወደ 0.000000001 አውርጂው።

ተመራቂዋ
አደረግሁት፤ ምንም አልተለወጠም።

ሰናይት ከአዳማ
ጋሽ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በዚህ አልስማማም። በስሌት ዘዴ የሚመጣ ልዩነት ከነጥብ በኋላ ራቅ ብሎ ይታይ ይሆናል እንጂ 2.0ን 0.4 አያደርገውም። እህቴ፣ ገና በዜሮ ሰዓት ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?

ተመራቂዋ
ኮፓሲ 10፣ ሮድረነር 2።

ዓሣ አጥማጁ
አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርደሽ አንዱ ዓሣውን በቁጥር፣ ሌላው በኪሎ ቢነግርሽ ማን ዋሸ ትያለሽ? ስሌቱ ሳይጀመር 5 እጥፍ ነው! ሞዴሉ ውስጥ የሕዋሱ ይዘት 0.2 ሊትር ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ እዪ። ኮፓሲ ያሳየሽ በሊትር ያለውን ክምችት ነው፣ ሮድረነር ጠቅላላውን መጠን። ሮድረነር ላይ የንጥረ ነገሩን ስም ብቻ ከጻፍሽ መጠኑን ይሰጥሻል፤ ክምችቱን ከፈለግሽ ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገቢው።

አዲስ ገቢ
የስህተት ወሰኑን አጥብቂው።

ሰናይት ከአዳማ
ዓሣ አጥማጁ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በኤስቢኤምኤል የአጸግብሮት ፍጥነት የሚጻፈው በአንድ የጊዜ አሃድ ውስጥ በሚለወጠው ጠቅላላ መጠን ነው። ቀመሩን በክምችት ራስሽ ጽፈሽው ከሆነ በይዘቱ መባዛቱን አረጋግጪ፤ ካልተባዛ ሁለቱም ሶፍትዌሮች ተስማምተው አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጡሻል።

የታቦር ልጅ (ማታ 4፡15)
ተሳካልሽ? አላሙራ በኩል መብራት መጥቷል። ያንቺ ሰፈርስ?