አሳ ለማጠን፣ ሥጋ በፍም ለመጥበስና በዘይት ለመጥበስ አንድ ምድጃ ይበቃል?

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ። ለጓሮ የሚሆን ባለ ሦስት አገልግሎት ምድጃ ብየዳ ቤት አሠርቻለሁ። ከታች የከሰል ማንደጃ፣ በላዩ የውሃ ሳህን፣ ከዚያ በላይ ሁለት ፍርግርግና ክዳን ያለው፣ ወገብ የሚደርስ ክብ ብረት ነው፤ የላይኛው አካል ሲነሣ ደግሞ ማንደጃው ብቻውን ድስት ተሸክሞ በዘይት ለመጥበስ ያገለግላል ተብሎልኛል። ሥጋ በፍም መጥበሱ ከጠበቅሁት በላይ ሠምሮልኛል። አምባዛ ለማጠን ግን ከጓሮዬ የቆረጥሁትን ርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከሰሉ ላይ ጨምሬ፣ ጢሱ እንዳይባክን ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግቼ ሦስት ሰዓት ብጠብቅ፣ የወጣው አሳ እንደ ጥላሸት የጠቆረና መራራ ነበር። ቆሮሶ በኑግ ዘይት ስጠብስ ደግሞ ዘይቱ አረፋ ደፍቆ ገነፈለና ፍሙ ላይ ሲፈስ ነበልባሉ ከቁመቴ በላይ ወጣ። ጥፋቱ የምድጃው ነው ወይስ የእኔ?

የጮቄ ጥላ (ደብረ ማርቆስ)፦

ወንድሜ፣ አሳዎን ያመረሩት የአየር እጦትና የእንጨቱ ምርጫ ናቸው። በቂ አየር ያላገኘ እሳት ሬንጅ መሰል ቅሪት የተሸከመ ወፍራም ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ይህም ቀዝቃዛው አሳ ላይ ሲያርፍ ያጠቁረዋል፣ ያመርረዋልም። የሚፈለገው ስስ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ ዓይን የማያቃጥል ጢስ ነው። ስለዚህ የክዳኑን ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ይተዉት፤ ሙቀቱን የሚገዙት በታችኛው ቀዳዳ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ በቅጠሉም በቅርንጫፉም ዘይት ስላለው፣ ጥድም ሙጫ ስላለው፣ ለማጠን አይሆኑም። እርስዎ ያሉት ዘጌ አጠገብ ነው፤ ሲገረዝ የሚጣለው የቡና እንጨት በደንብ ከደረቀ ጥሩ ጢስ ይሰጣል፣ የማንጎም እንጨት እንዲሁ። ለፍሙ ከአዊ የሚመጣውን የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ ነው) ከሰል ይጠቀሙ።

አሳውን ከማጠንዎ በፊት በአንድ ሊትር ውሃ 70 ግራም ያህል ጨው አሟሙተው ለሁለት ሰዓት ይንከሩት፤ ከዚያም ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ቦታ ገጹ ደርቆ ጣት ላይ ጠበቅ እስኪል ያቆዩት። ብዙዎች ይህን ማድረቅ ይዘሉታል፤ ርጥብ ገጽ ግን ጢሱን እኩል አይቀበልም። የምድጃውን ውስጥ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ይያዙ፣ የአሳው መሐልም ቢያንስ 63 ዲግሪ ይድረስ። የውሃ ሳህኑን ባዶ አይተዉት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በ92 ገደማ፣ ስለዚህ ሳህኑ ውሃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ በድንገት እንዳያሻቅብ ያግዛል። እንዲህ የታጠነ አሳ ቋንጣ አለመሆኑንም አይርሱ፤ ፍሪጅ ከሌለ በዚያው ዕለት ይበላ።

ዓባይ ማዶ፦

የዘይቱን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ቋንቋችን በፍም የበሰለውንም በዘይት የበሰለውንም «ጥብስ» ስለሚለው እሳቱም አንድ ይመስለናል፣ ነገር ግን አይደለም። ከሰል ሲያስፈልግ ወዲያው የሚጠፋ እሳት ስላልሆነ፣ ዘይት የሞላ ድስት እላዩ መጣድ አደጋ ነው። በዚያ ማንደጃ ውስጥ መቆጣጠሪያ ያለው የጋዝ ምድጃ ያስገቡ፤ ሲሊንደሩንም ቱቦው እስከ ፈቀደ ድረስ ከእሳቱ ያርቁት። ድስቱ ከግማሽ በላይ ዘይት አይያዝ፤ አሳው ውሃው በጨርቅ ተጠርጎ ይግባ፣ ዘይቱም ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ይሁን። ኑግ የአገራችን ኩራት ቢሆንም ዘይቱ በብዛት ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የስብ ዓይነት ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ያልተጣራና ተደጋግሞ የተጠበሰበት ከሆነ ደግሞ አረፋ ያበዛል። እሳት ቢነሣ ውሃ እንዳይደፉበት እለምንዎታለሁ፤ ጋዙን ዘግተው ድስቱን በክዳኑ ይክደኑት። ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃውን ወደ ቤት ማስገባትም አይገባም፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

እማማ (ፍኖተ ሰላም)፦

ልጄ፣ ወይራ ይሻላል የሚልህ ሰው ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሜ ልንገርህ፤ የወተት ዕቃ ስናጥንበት የኖርነው ወይራ ጢሱ ብርቱ ስለሆነ ለአሳ ከአንድ ፍልጥ በላይ አይጨመርም። ይልቅ ምድጃው ከምን ብረት እንደተሠራ ጠይቀሃል? የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የፍም ሙቀት ግን ከዚያ ያልፋል፣ ከልባሱ የሚወጣው ጢስም ለሳንባ ጎጂ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ ምድጃ አሠርቶ፣ ሽታውን የቅመም መስሎት ሲስበው ውሎ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ ምክርዎን አንብቤ ምድጃውን ገልብጬ አየሁት። ዙሪያው ጥቁር ላሜራ ነው፤ የከሰል ማንደጃው ግን እንደ ፈሩት የተለበጠ ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ፣ ጠርዙም ነጭ ዱቄት ይዟል። ነገ ወስጄ በወፍራም ላሜራ አስቀይረዋለሁ፤ የዘጌውን የቡና እንጨት ግን ከዛሬው ጀምሬ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ።