የ250 ሺህ ዶላሩ ጣሪያ የሚሰላው በየትኛው ብር ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትንሽ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እሠራለሁ። በ2024 የአረጋውያን ማዕከላችንን ለማደስ ከአሜሪካ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት 210 ሺህ ዶላር ተፈቀደልን። ሰዎቻችን ደግሞ 60 ሺህ ዶላር አዋጡ።

የ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግ በፌዴራል ብር ለሚሠራ ግንባታ የሚገዛው ዕቃ አሜሪካ የተመረተ ይሁን ይላል። የማሞቂያው ሻጭ «እዚሁ ነው የተገጣጠመው» ይለናል። ሕጉ እንደሚጠይቀው ከ55 በመቶ በላይ የክፍሎቹ ዋጋ የአገር ውስጥ ስለመሆኑ በጽሑፍ ስጠን ስንለው ግን ድምፁ ጠፋ።

በ2024 እስከ 250 ሺህ ዶላር ያሉ ትንንሽ ፕሮጀክቶች ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው ሲባል ደስ ብሎን ነበር። አሁን ግን የሚቆጠረው የፌዴራሉ ብር ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ወጪው ነው አሉን። መዋጮው ጉድ ሠራን ማለት ነው? ኮንትራክተሩ «ፕሮጀክቱን ለሁለት ከፋፍሉት» ይላል፤ እኔ ፈራሁ። የ5 በመቶዋ ዌቨርስ (ከጠቅላላው ወጪ እስከ 5 በመቶ የሚሆን ዕቃ ከግዴታው ነፃ የምታደርገው ፈቃድ) ማሞቂያውን ታወጣልን ይሆን? ያለፈበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።