ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች የሶፍትዌር ሥልጠና፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ጀማሪ አሰልጣኝ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሌጅ ለሚያመለክቱ 22 ተማሪዎች የሶፍትዌር ሥልጠና አዘጋጂ ተብዬ እሺ አልኩ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግራ ገባኝ። ያለኝ ጊዜ 6 ቀን፣ በቀን 2 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሮቹ 11 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ልጆች ቤታቸው ያለው ስልክ ነው።

ያወጣሁት እቅድ ይሄ ነው፦ ወርድ 2 ቀን፣ ኤክሴል 2 ቀን፣ ፓወርፖይንት 1 ቀን፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት 1 ቀን። አንድ ጓደኛዬ አይቶት «ይሄ እኮ የኮምፒውተር ኮርስ ነው፤ ማመልከቻው የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው? ምኑን ልቀንስ?

መልስ (የላብ ሰው)

እውነቱን ነው። ፓወርፖይንቱን አሁኑኑ አውጪው፤ ለማመልከቻ ስላይድ የሚጠየቅ ተማሪ ብዙም አላየሁም።

እኔም መጀመሪያ ያሰለጠንኩ ጊዜ የወርድን ሜኑ ከዳር እስከ ዳር ሳስረዳ ዋልኩ። በ3ኛው ቀን አንዲት ተማሪ ጽሑፏን ማመልከቻው ሳጥን ውስጥ ስትለጥፍ መጨረሻው ተቆርጦ ቀረ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። አላስተማርኳትማ! ማርጅን ማስተካከል ግን ከእኔ በላይ ትችላለች።

ስለዚህ ከመጨረሻው ተነሺ። ልጁ ማመልከቻውን የሚልከውን «ሰብሚት» የሚለውን ከመጫኑ በፊት እጁ ላይ ምን ምን መኖር አለበት? ድርሰት፣ የትምህርት ማስረጃ በፒዲኤፍ፣ የተሳትፎ ዝርዝር፣ በትክክል የሚሠራ ኢሜይል። ሶፍትዌሩን ለእነዚህ በሚበቃው መጠን ብቻ አስተምሪ።

ኮመን አፕን፣ ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉትን የጋራ የኦንላይን ማመልከቻ፣ ለምሳሌ እንውሰድ። ዋናው ድርሰት ከ650 ቃል መብለጥ አይችልም። ከትምህርት ውጪ ያሉ ተሳትፎዎች ቢበዛ 10 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ የሚፈቀደው ማብራሪያ 150 ካራክተር ነው። ቃል አላልኩም፣ ካራክተር፤ እያንዳንዱ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ማለት ነው። ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ጉግል ዶክስ (የጉግል ጽሑፍ መጻፊያ) ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ሲጫኑ የቃል ብዛት፣ የካራክተር ብዛት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ያልተቆጠረበት የካራክተር ብዛት ይመጣል። ልጆች የመጨረሻዋን ትንሽ ቁጥር አይተው ደስ ይላቸዋል። እሷ አይደለችም!

አንድ ሙሉ ሰዓት ለዚህች ለ150 ካራክተር ስጪ። ብዙዎቹ «በዚህ ክበብ ውስጥ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ስሠራ የነበረው» ብለው ሲጀምሩ ቦታው ይባክናል። ምን እንደሠሩ ገና አልተናገሩም።

መልስ (ፓስዎርድ ጠፋኝ)

ሁላችሁም ኢሜይልን መጨረሻ ላይ ነው የምትወረውሩት። እህቴ፣ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሰዓት የኢሜይል ይሁን።

የማውቀው ልጅ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል አመለከተ። ሲመረቅ አካውንቱ ተዘጋ። የኮሌጁ መልስ የተላከው እዚያው የተዘጋው አድራሻ ላይ ነበር። ስለዚህ ሁሉም የራሳቸውን ኢሜይል ይክፈቱ፤ ስማቸው ያለበት፣ ቀልድ የሌለበት። አካውንቱ ቢጠፋ የሚመለስበት ስልክ ቁጥር የራሳቸው ወይም የወላጅ ይሁን፤ የጓደኛ አይሁን።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስዎርዱ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ሲያበሩ ጉግል 10 የመጠባበቂያ ኮድ ይሰጣል። እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡት። ከጋራ ኮምፒውተር ሲነሱ ሳይን አውት ማድረግን ደግሞ በየቀኑ እስኪሰለቹሽ ንገሪያቸው።

ጀማሪ አሰልጣኝ

አመሰግናለሁ፣ ዓይኔን ገለጣችሁት። ስልክ ብቻ ያላቸውንስ ምን ላድርጋቸው?

መልስ (በስልክ የተማረች)

እኔ በስልክ ነው ያመለከትኩት፤ ይቻላል። የሚቸግረው ሰነዱ ነው። ልጆች ትራንስክሪፕታቸውን (የትምህርት ውጤት ማስረጃቸውን) ፎቶ ያነሱና 4 ገጽ ከሆነ 4 ፎቶ ይልካሉ። አንዱ ተጣሞ፣ አንዱ ላይ የእጃቸው ጥላ ወድቆ። ፎቶና ስካን ለየቅል መሆናቸውን አሳዪያቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ጉግል ድራይቭ (የጉግል ፋይል ማስቀመጫ) ስካን ያደርጋል፤ አይፎን ላይ ኖትስ የሚባለው አለ። ሁለቱም ገጾቹን በአንድ ፒዲኤፍ ይሰበስባሉ። የፋይሉ ስም «የመጨረሻ2 አዲሱ» ሳይሆን የተማሪው ስምና የሰነዱ ዓይነት ይሁን።

11 ኮምፒውተር ለ22 ሰው አይከፋም። ሁለት ሁለት አድርገሽ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ መመሪያውን ጮክ ብሎ ያንብብ። በየ20 ደቂቃው ይቀያየሩ። አለበለዚያ ፈጣኑ ኪቦርዱን እንደያዘ ይውላል።

መልስ (ሠንጠረዥ ወዳድ)

ኤክሴልን ብቻ እንዳታወጪው! 2 ቀን ይበዛበታል፣ 1 ሰዓት ግን ይገባዋል። አንድ ሠንጠረዥ፦ የኮሌጁ ስም፣ የመዝጊያ ቀን፣ የሚጠየቀው ሰነድ፣ የተላከበት ቀን። ከመዝጊያው ቀን ላይ ቱዴይ የሚባለውን፣ የዛሬን ቀን የሚሰጠውን ፎርሙላ ሲቀንሱ የቀረው ቀን ይወጣል። መልሱ ሌላ ቀን መስሎ ከመጣ ሴሉን ወደ ቁጥር ይቀይሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። 01/11 ለአንዱ ኖቬምበር 1፣ ለሌላው ጃንዋሪ 11 ነው። ወሩን በስሙ ይጻፉት። ሰዓቱም በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ አንድ ዓምድ ይያዝለት። ኮመን አፕ የአመልካቹን አካባቢ ሰዓት ነው የሚይዘው፤ የራሱን ሰዓት የሚይዝ ኮሌጅ ግን አለ።

መልስ (የላብ ሰው)

በሠንጠረዡ እስማማለሁ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ለልምምድ ተዪው። ጉግል ፎርምስ (የጉግል መጠይቅ መሥሪያ) ላይ የውሸት ማመልከቻ ሥሪ። ለጽሑፍ መልስ የካራክተር ገደብ ማድረግ ይቻላል፤ 150 አድርጊው። ፋይል የሚጫንበት ጥያቄም ጨምሪ፤ ለእሱ በጉግል አካውንት መግባት ግድ ስለሆነ ፓስዎርዱን የረሳው ያን ቀን ይታወቃል። ያን ቀን ዝም ብለሽ እያቸው፣ አትርጂ። የሚቆሙበትን ቦታ ጻፊ።

ጀማሪ አሰልጣኝ

እቅዱን ከለስኩት። 1ኛ ቀን ኢሜይልና ፓስዎርድ፣ 2ኛና 3ኛ ቀን ድርሰትና 150 ካራክተሩ፣ 4ኛ ቀን ስካንና ፒዲኤፍ፣ 5ኛ ቀን ሠንጠረዡ፣ 6ኛ ቀን ልምምድ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በልምምዱ ቀን እውነተኛ ትራንስክሪፕታቸውን ይጫኑ?

መልስ (ፓስዎርድ ጠፋኝ)

ኧረ በፍጹም! እዚያ ፎርም ላይ የሚጫነው ፋይል ሁሉ የሚቀመጠው ያንቺ ድራይቭ ውስጥ ነው። የ22 ልጅ ማስረጃ ይዘሽ ልትዞሪ ነው? ባዶ ወረቀት ላይ «ናሙና» ብለው ይጻፉና እሱን ስካን አድርገው ይጫኑ። የፓስፖርት ቁጥር የሚጠይቅ ቦታ ካለም ዜሮ ይደርድሩበት።